«እንደዚያኛው ያለ ጫንልኝ»
ስለ ኮሪያ ድራማና ስለ መመሳሰል ሐርላ ላይ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር

 

ስገባ አንድ አባት በር ላይ ይዘውኝ «ልጄ፣ ሐርላ ድረስ መጥተህ የምታወራን ስለ ኮሪያ ፊልም ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ስለሱ ነው። ጥያቄያቸው ግን ተገቢ ስለሆነ ከዚሁ ከሐርላ አፈር ልነሣ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ድሬዳዋ ያደግን ሁሉ የሐርላን ወሬ እየሰማን ነው ያደግነው። ገበሬው ሲያርስ የሸክላ ስባሪ ያገኛል፣ ዶቃ ያገኛል፣ አንዳንዴም ሳንቲም። የድሮው ግንብ ድንጋይ ከትልቅነቱ የተነሣ የሰው ጉልበት የሚያነሣው ስለማይመስል «እዚህ የኖሩት ግዙፋን ነበሩ» ይባል ነበር። ከ2015 ጀምሮ የእንግሊዙ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ቆፈሩ፤ በ2017 ያገኙትን ለዓለም አሳወቁ። የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ ወጣ። የብርጭቆ ዶቃ፣ ዛጎል፣ ከግብፅ የመጣ ሳንቲም፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ የሸክላ ስባሪ ወጣ። የግዙፋኑ ወሬም በዚያው ቀረ፤ መቃብሩ ውስጥ ያረፉት እንደኛው የሰው ልክ ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዶቃ አፍ የለውም፤ «ከየት መጣህ?» ቢሉት አይመልስም። ታዲያ እንዴት ታወቀ? በማስተያየት ነው። ተመራማሪዎቹ የሐርላን መስጊድ ከደቡብ ታንዛኒያና ከሶማሌላንድ መስጊዶች ጋር አስተያይተው ዝምድናውን አዩ። እዚህ የነበሩት አንጥረኞች ብሩን፣ ነሐሱን፣ የከበረውን ድንጋይ የሠሩበትን ዘዴ መርምረው በዚያ ዘመን የሕንድ ጌጠኞች ከሚታወቁበት ዘዴ ጋር መመሳሰሉን ተናገሩ። ወይ ዕቃው በንግድ መጥቷል፣ ወይ ባለእጁ ራሱ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል ማለት ነው። በቀለም ቢሆን ኖሮ ቀይ ዶቃ ሁሉ የቀይ ዶቃ ወንድም በሆነ ነበር። ቀለም ላይ የቆመ ሰው የትም አይደርስም፤ አሠራሩን ያየ ሰው ግን የሠራውን እጅ ያገኛል።

እኔ የቁፋሮ ሰው አይደለሁም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት ስምንት ዓመት ፊልም ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ። ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እሰካለሁ፣ ጭኜ እሰጣለሁ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ገና በሩን ስከፍት የምሰማው ቃል ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አቦ፣ እንደዚያኛው ያለ ጫንልኝ!»

«እንደዚያኛው ያለ።» ስምንት ዓመት ሙሉ ያሳሰበኝ ይህ ቃል ነው። ስለምኑ ነው «እንደዚያኛው» የሚለው? ስለ ታሪኩ ነው? ስለ ልጁ መልክ ነው? ወይስ ድራማው ሲያልቅ ደረቱ ውስጥ ስለቀረው ነገር?

በፊት ይህ ጥያቄ እንዲህ አልበዛም ነበር። በቪዲዮ ቤቱ ዘመን የሕንድ ፊልም ነበር፤ ሦስት ሰዓት ታይቶ ያልቃል፣ በማግሥቱ ሌላ አለ። በ2008 በእኛ አቆጣጠር ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተቀዱ የውጭ ድራማዎች ይዞ ሲመጣ የቱርክ ድራማ ቤቱን ሁሉ ያዘ፤ እሱ ደግሞ ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት የሚሄድ ስለሆነ ተመልካቹ «ቀጥሎ ምን ልይ?» አይልም። ኮሪያው የተለየ ነው። አብዛኛው 16 ክፍል ነው፣ አንዱ ክፍል አንድ ሰዓት አካባቢ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ይጨርሱታል። ሲያልቅ ደግሞ በእውነት ያልቃል። ሰው ከአሥራ ስድስት ማታ በኋላ ከሚወዳቸው ሰዎች ተለይቶ፣ ፍላሹን በእጁ ጨብጦ፣ ሐዘን እንደደረሰበት ሆኖ እኔ ሱቅ ይቆማል።

መጀመሪያ የሄድኩበት መንገድ ቀላሉ ነበር። በተዋናዩ መልክ። ሊ ሚን ሆን የወደደች ልጅ ሊ ሚን ሆ ያለበትን ሁሉ ትወስዳለች፤ እሱን ለማወቅ የእኔ ምክር አያስፈልግም። ቀጥሎ በታሪክ ሞከርኩ፦ ሀብታም ልጅና ደሃ ልጅ፣ የጠፋ ትዝታ፣ በቀል፣ ቤተ መንግሥት። በየሳጥኑ ከፋፍዬ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከዚህ ስሕተቴ የፈወሰችኝ «ቦይስ ኦቨር ፍላወርስ»ን የወደደች አንዲት ተማሪ ናት። ይህ ታሪክ መነሻው ዮኮ ካሚዮ የተባለች ጃፓናዊት የጻፈችው የሥዕል መጽሐፍ ነው፤ በ2001 ታይዋን ሠራችው፣ በ2005 ጃፓን፣ በ2009 ደግሞ ኮሪያ። ያቺው ደሃ ልጅ፣ እነዚያው አራት የሀብታም ልጆች፣ ያው ትምህርት ቤት። ከዚህ የበለጠ መመሳሰል ከየት ይመጣል ብዬ ሦስቱንም ጫንኩላት። የታይዋኑን ሦስት ክፍል አይታ መለሰችው፣ የጃፓኑን አልጨረሰችውም። ታሪኩ አንድ፣ ልቧ ግን አልገባም። ተቀይማኝም ሄደች።

ያን ጊዜ ስለ ደራሲዎቹ ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ ውስጥ አንድን ተከታታይ ድራማ ብዙ ጸሐፊዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይካፈሉታል። ኮሪያ ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ደራሲ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ይጽፈዋል፤ ሕዝቡም ደራሲውን በስም ያውቃል፤ ይበልጡን ደግሞ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ የአንድ ሰው እጅ በድራማው ሁሉ ላይ ይታያል፤ እንደ ሸክላ ሠሪ የጣት አሻራ።

ኪም ኡን ሱክን ውሰዱ። «ሲክሬት ጋርደን»፣ «ዴሰንዳንትስ ኦፍ ዘ ሰን»፣ «ጎብሊን»፣ «ሚስተር ሰንሻይን»፣ «ዘ ግሎሪ» የእሷ እጅ ያለባቸው ናቸው። «ጎብሊን» የወደደ ሰው «ዘ ግሎሪ»ን ቢያይ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ የመጀመሪያው ስለ ፍቅርና ስለ በረዶ፣ የኋለኛው ትምህርት ቤት ውስጥ በእኩዮቿ በትኩስ ብረት ስለተቃጠለች ልጅ ነው። ቀረብ ብላችሁ እዩት ግን። በአንዱ ሰውዬው ደረቱ ላይ የተሰካ ሰይፍ ተሸክሞ 900 ዓመት ያህል ይጠብቃል። በሌላው ልጅቱ በገላዋ ላይ ያለውን ጠባሳ ተሸክማ በዳዮቿን የምትቀጣበትን ቀን ለዓመታት ትጠብቃለች። ደራሲዋ የምታውቀው ነገር አንድ ነው፦ ቁስል ይዞ መጠበቅ። በዚህ በኩል ለገባው ሰው ሁለቱ ድራማዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ፓርክ ሄ ያንግም እንዲሁ። «ማይ ሚስተር»ን በ2018፣ «ማይ ሊበሬሽን ኖትስ»ን በ2022 ጻፈች። የሁለቱም ሰዎች ከሥራ በባቡር ይመለሳሉ፣ ይደክማቸዋል፣ ብዙ አይናገሩም። «ማይ ሚስተር» ውስጥ አንዲት ዕዳ ያጎበጣት ልጅ አለች፤ መናገርም መስማትም የማይችሉ፣ መሄድም ያቃታቸው አያት አሏት። አያቷ ጨረቃ ማየት ሲያምራቸው የገበያ ዕቃ መግፊያ ጋሪ ላይ አስቀምጣ በሌሊት እየገፋች ትወስዳቸዋለች። ያንን ጋሪ ያየ ሰው ስለ ድራማው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

እንግዲህ መፍትሔ አገኘሁ ብዬ ነበር፤ ደራሲውን ተከተል፣ አለቀ። እንዳላለቀ ያስተማሩኝ ገንደ ቆሬ ቡና አፍልተው የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ በእሳቸው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራችሁ።

እኚህ እናት እንግሊዝኛም ኮሪያኛም አያውቁም። ማታ ማታ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበች ትተረጉምላቸዋለች። እንዲህ አድርገው «ዴ ጃንግ ጉም»ን ጨረሱ፤ በ2003 የተጀመረ 54 ክፍል ያለው ድራማ ነው፤ ከቤተ መንግሥት ማድ ቤት ተነሥታ የንጉሥ ሐኪም የሆነች ሴት ታሪክ ነው። ልጅቱ መጣችና «እማዬ እንደዚያኛው ያለ ብላለች» አለችኝ። እኔም የተማርኩትን ይዤ ደራሲዋን ፈለግኩ። ኪም ያንግ ህዩን ናት፤ በ2009 «ንግሥት ሶንዶክ»ን ከሌላ ደራሲ ጋር ጽፋለች። ደራሲዋ ያችው። ዘመኑ ጥንት፣ ቤተ መንግሥት አለ፣ ጠንካራ ሴት አለች። እርግጠኛ ሆኜ ጫንኩ።

በሳምንቱ እናትየው ራሳቸው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ይሄኛው ሹመት ብቻ ነው» አሉኝ። «ይሄ ያን ይጥለዋል፣ ያ ይሄን ይጥለዋል። ለኔ አይሆነኝም።»

በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ የጠየቅኩት ያን ቀን ነው። «እማማ፣ ከበፊተኛው ምኑን ነው የወደዱት?»

ትንሽ አሰቡ። «ልጅቷ ትንሽ ሆና፣ ወጡ ውስጥ ምን እንደገባ ትልልቆቹ ሲጠፋቸው እሷ ቀምሳ ያወቀችበት» አሉ። ክፍሉን ታስታውሱት ይሆናል። አስተማሪዋ ሥጋው በምን እንደጣፈጠ ተማሪዎቿን ትጠይቃለች። ሁሉም ስኳር ይላሉ። ትንሿ ጃንግ ጉም የበሰለ ፍሬ ነው ትላለች፤ እንዴት አወቅሽ ስትባል ከምላሷ ጣዕም በስተቀር የምታቀርበው ማስረጃ የላትም። «ሙያ እንዲህ ነው» አሉኝ እማማ። «ቡና ሲቆላ መቼ እንደሚወርድ በሰዓት አላውቀውም። አፍንጫዬ ነው የሚነግረኝ። እናቴ ነች ያስተማረችኝ፤ ስታስተምረኝም አንድ ቀን አመስግናኝ አታውቅም። የዚያች ልጅ አስተማሪ እናቴን ነው የምትመስለው።»

ለካ እኚህ እናት ያዩት ድራማ ስለ ቤተ መንግሥት አልነበረም። ስለ ሴት ጥንካሬም አልነበረም። ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው ያዩት፤ የሚወድና የማይናገር አስተማሪ ነው ያዩት። ድራማው ውስጥ ገብተው የተቀመጡበት ቦታ እሱ ነው። እኔ ግን ቤቱን ሁሉ አየሁና እሳቸው የተቀመጡባትን በርጩማ ሳላይ ቀረሁ።

ያን ከሰማሁ በኋላ ፍለጋው አልከበደኝም። የ«ዴ ጃንግ ጉም» ዳይሬክተር ሊ ብዩንግ ሁን ከዚያ በፊት በ1999 «ሃ ጁን»ን ሠርቶ ነበር፤ ደራሲው ሌላ ሰው ነው። የአንድ ሐኪምና የመምህሩ ታሪክ ነው፤ ከ60 ክፍል በላይ። ምስሉ ያረጀ ነው፣ የልብሱ ቀለም እንደ ኋለኛው አያበራም፤ ወጣት ደንበኛ ሲያየው ፊቱን ያዞርበታል። መምህሩ ኃይለኛ ነው፤ ተማሪውን ያባርራል፣ ውኃ ያስቀዳዋል፣ አያመሰግነውም። በመጨረሻ በማይድን በሽታ መያዙን ሲያውቅ የገዛ ሬሳውን ለተማሪው ያወርሰዋል፤ በዚያ ዘመን የሰው አካል መክፈት የተከለከለ ነበርና፣ ልጁ የሰውን ውስጥ አይቶ እንዲማር። እማማ ያንን ክፍል ያዩ ዕለት በማግሥቱ ልጃቸው ቡና በፔርሙስ ይዛልኝ መጣች። ሒሳብ አልተቀበልኩም፤ እንዴት ብዬ።

ከዚያ ወዲህ የማምነው ይህን ነው፤ እዚህም ለመናገር የመጣሁት ይህን ነው። ሁለት ድራማ ብቻቸውን አስቀምጠን «ይመሳሰላሉ ወይ?» ብንል መልስ የለውም። በመቶ በኩል ይመሳሰላሉ፣ በመቶ በኩል ይለያያሉ። መመሳሰላቸው የሚታወቀው ተመልካቹ በገባበት በር በኩል ሲታዩ ነው። ስለዚህ «ምኑን ወደድከው?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው ምንም ያህል ድራማ ቢያይ መካሪ ሊሆን አይችልም። ጥያቄውም «ታሪኩን ወደድኩት» በሚል መልስ አይዘጋ። «የትኛው ቦታ ላይ ዝም አልክ?» በሉት። «የትኛውን ቦታ ለሰው አወራህ?» በሉት። ሰው የወደደውን ሲያወራ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው።

ሌላ ሰው ላንሣ። ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ልጃቸው ያስጫነችውን «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ»ን አብረው አዩት። የደቡብ ኮሪያ ሀብታም ሴት በዣንጥላ ስትበር አውሎ ነፋስ ወስዶ ሰሜን ኮሪያ ይጥላታል፤ አንድ መኮንን ይደብቃታል። ደራሲዋ ፓርክ ጂ ዩን ናት። እሷን ተከትዬ ቢሆን «ማይ ላቭ ፍሮም ዘ ስታር»ን በሰጠኋቸው ነበር፤ ከሌላ ዓለም ስለመጣ ሰው ፍቅር። አሁን ግን ተምሬያለሁና ጠየቅኳቸው።

«ባቡሯ የቆመችበት» አሉኝ።

በድራማው ውስጥ መብራት ይጠፋና ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆሞ ያድራል። ተሳፋሪው ይወርዳል፣ እሳት ይነዳል፤ የአካባቢው ሰዎች ብርድ ልብስና የሚበላ ይዘው እየተሯሯጡ ይመጣሉ። ለፍቅረኞቹ የተሠራ ትዕይንት ነው። ጋሼ ግን ፍቅረኞቹን አላዩአቸውም። ያዩት ኤረርን ነው፣ አፍደምን ነው፣ ሚኤሶን ነው። የድሮዋ ባቡር ስትበላሽ ተሳፋሪው ወርዶ ጥላ ሲፈልግ፣ የመንደሩ ሴቶች ወተትና እንቁላል ይዘው ሲመጡ፣ ሱማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ በአንድ ሰፌድ ሲበላ። «ድሬ ስትደርስ ሁሉም አድራሻ ተቀያይሮ ነው የሚወርደው» አሉኝ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ባይደርስ ኖሮ ይቺ ከተማ ራሷ አትኖርም ነበር፤ ስለዚህ አንድ የድሬ ሰው ከዚያ ሁሉ ፍቅር መካከል ባቡሯን መርጦ ቢያይ አይገርመኝም።

ለእሳቸው የሰጠሁት «ሪፕላይ 1988» ነው። ባቡር ላይ የሚሆን ነገር የለውም፣ ጦርም ድንበርም የለውም፤ ደራሲዋም ሊ ዉ ጃንግ ናት፣ ዳይሬክተሩ ሺን ዎን ሆ። ሴኡል ውስጥ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ የሚኖሩ አምስት ቤተሰቦች ናቸው። ገና በመጀመሪያው ክፍል ለእራት ሰዓት እናቶች ልጆቻቸውን በየቤቱ ይልካሉ። አንዱ ቤት የሠራውን ሳህን ለጎረቤት ይሰጣል፤ ጎረቤቱ በዚያው ሳህን የራሱን መልሶ ይሰጣል፤ ልጆቹ መንገዱ ላይ ሳህን ይዘው ይተላለፋሉ፤ በመጨረሻ የሁሉም ገበታ በሁሉም ቤት ምግብ ይሞላል። እናቴ «የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም» ትል ነበር። በኢድ ከዚያ ቤት ሲመጣ፣ በፋሲካ ከዚህ ቤት ሲሄድ ሳህን ይዘን የሮጥን ልጆች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነን። ጋሼ ሃያውን ክፍል በስድስት ቀን ጨረሱት። የቆመችው ባቡርና የሴኡሏ ጠባብ መንገድ ምን ያገናኛቸዋል የሚል ካለ፣ የሚያገናኛቸው በአንድ ቦታ አብሮ መቆየት ያለበት ሰው የሚያደርገው ደግነት ነው።

ባቡር ካነሣሁ አይቀር፣ ሳልናገረው ባልፍ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በ1951፣ በእኛ በሚያዝያ 1943፣ ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ጂቡቲ የሄደው በባቡር ነው፤ በዚህችው በእኛ ከተማ በኩል። ከጂቡቲ በመርከብ ተሳፍረው ፑሳን ወረዱ። በተከታታይ የሄዱት ወታደሮቻችን ከ6,000 በላይ ናቸው፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፤ አንድም አልተማረከም። ከተዋጉባቸው አካባቢዎች አንዱ ቹንቾን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 ኮሪያን ሲጎበኙ የወታደሮቻችን መታሰቢያ ሐውልት በዚያች ከተማ ቆመ፤ በዚያው ዓመት አጠገቡ የኢትዮጵያ ቡና ቤት ተከፈተ፤ ዛሬም አለ። አሁን ድራማ የምታውቁ ጆሯችሁን ስጡኝ። የኮሪያ ድራማን ጃፓንና ሌላው እስያ ውስጥ በየቤቱ ያስገባው «ዊንተር ሶናታ» በ2002 ሲሠራ ብዙ ክፍሉ የተቀረጸው በዚያችው በቹንቾንና አጠገቧ ባለችው በናሚ ደሴት ነው። ዩን ሶክ ሆ የተባለው ዳይሬክተር አራቱን ወቅቶች በአራት ድራማ ሲሠራ ለክረምቱ የመረጣት እሷን ነው። በረዶው ላይ ፍቅረኞቹ የሚሄዱባትን ከተማ ስታዩ፣ ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በዚያ አካባቢ ከኢትዮጵያ የሄዱ ልጆች እንደነበሩ አስታውሱ። ዘመዱ ቃኘው የነበረ ሰው «ምን ልይ?» ካለኝ እኔ ሌላ ምክንያት ሳልፈልግ «ዊንተር ሶናታ»ን ነው የምሰጠው። እንዲህ ያለ መመሳሰል ድራማው ውስጥ የለም፤ ያለው ቤተሰቡ ውስጥ ነው።

ወጣቶቹ «ይህን ሁሉ ማሽን ይሠራው የለ?» ትሉኛላችሁ። ይሠራል፤ አሠራሩም የሚናቅ አይደለም። ኔትፍሊክስ በ2006 የምክሩን ትክክለኛነት በ10 በመቶ ለሚያሻሽልለት 1,000,000 ዶላር እሰጣለሁ ብሎ ውድድር አወጣ። 480,000 ያህል ሰዎች ለ17,770 ፊልሞች የሰጡትን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ለተወዳዳሪዎቹ ሰጠ፤ በ2009 ሽልማቱ ተወሰደ። ዋናው ሐሳብ የእኔ ደብተር ነው። ሱቄ ውስጥ ማን ምን እንደወሰደ የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ። ሁለት ሰዎች ስምንት ድራማ በአንድ ላይ ከወደዱ፣ አንዱ የወደደውን ዘጠነኛ ለሌላው መስጠት ነው። ስለ ድራማው ምንም ማወቅ አያስፈልግም፤ የሰዎቹን ዱካ ማስተያየት ይበቃል። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይሳካል፤ ለእኔም ተሳክቶልኛል።

እኛ ጋ ሲደርስ ግን ዱካው ይጠፋል። አንድ ስልክ ላይ እናት፣ ልጅ፣ የአክስት ልጅና ጎረቤት ያያሉ፤ ማሽኑ አራቱን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ፣ ፊልም ከቴሌግራም ወደ ስልክ ሲሄድ ማንም አይመዘግበውም። እማማ ልጃቸው በምትተረጉምላቸው ድምፅ የሚያዩትን ድራማ የትኛውም ኩባንያ አያውቀውም። ማሽኑ ደግሞ እስከ መቼም የማያደርገው አንድ ነገር አለ፤ «ይሄኛው ሹመት ብቻ ነው» ያለችውን ሴት በርጩማ ላይ አስቀምጦ ምክንያቷን መጠየቅ። ለዚህ ሰው ያስፈልጋል። ወጣቶች፣ እናንተ ናችሁ ያ ሰው። ቤታችሁ ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ አያት ካሉ፣ ለእሳቸው ድራማ መምረጥና እያነበቡ መተርጎም የጨዋታ ሥራ አይደለም፤ እኔ ትልቅ ሥራ ነው እላለሁ።

ሱቁን ከዘጋሁት ቆየሁ። አሁን ሰው በስልኩ ያወርዳል፤ ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ጥቂት ነው። እማማ ግን ዛሬም በልጃቸው ስልክ ይደውሉልኛል። ባለፈው «እንደ ሐኪሙ ያለ፣ ግን አዲስ» አሉኝ። «ዌን ላይፍ ጊቭስ ዩ ታንጀሪንስ»ን እንዲያዩ ነገርኳቸው። በ2025 የወጣ ነው፤ ደራሲዋ ሊም ሳንግ ቹን፣ ዳይሬክተሩ «ማይ ሚስተር»ን የሠራው ኪም ዎን ሶክ። ሐኪም የለበትም፣ ቤተ መንግሥት የለበትም። ጄጁ በምትባል ደሴት ያለች አንዲት እናት ትንፋሿን ይዛ ባሕር ውስጥ እየጠለቀች ከድንጋይ ላይ ዛጎል ፈልቅቃ በመሸጥ ልጆቿን ታሳድጋለች። ለልጇ ደግ ቃል የላትም፤ ስትቆጣ ነው የምትውለው። ልጅቱ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለዚያ ዛጎል ግጥም ትጽፋለች፤ እናቷን ከእሷ የወሰደባትን ዛጎል ቀንታበት። እናትየዋ ወረቀቱን ታገኘዋለች።

የእማማ ልጅ በኋላ ስልክ ደውላ ነገረችኝ። እዚያ ቦታ ሲደርሱ ጽሑፉን ማንበብ አቃታትና ዝም አለች። ማያው ላይ ያለው እንግሊዝኛ እያለፈ ሄደ፣ እሷ አልተረጎመችም። እናቷም «ምን አለች?» ብለው አልጠየቋትም። ጀበናውን ከከሰሉ ላይ አነሡና ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡት፤ እስኪሰክን ድረስ ሁለቱም ዝም ብለው አዩ።